አሥራ ስድስት ለአምስት

ፈድሊያ ወንድሟ ለምን እንደታሰረ የሰማችው ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ የጊንጆ ሰፈር ሰው ሁሉ ከእሷ ቀድሞ ሰምቶታል። ቲጃኒን ትናንት ከሥራ ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሦስት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው ወሰዱት። ክፍሉን በረበሩ፣ ፍራሹን ገለበጡ፣ ከጠረጴዛው ላይ አንድ ወረቀት አንሥተው ይዘውት ሄዱ። ምክንያቱን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። በዚያ በ1970 ጥር ላይ ሰው ሲወሰድ ለምን ብሎ መጠየቅ አብሮ ለመሄድ እንደመነሣት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ባልዲዋን ወረፋ አሲዛ ስትቆም፣ ከፊቷ ያለችው ብርሃንነሽ፣ ባሏ ከጠባቂዎቹ አንዱ የሆነው፣ ለጎረቤቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትናገረው ወደ ጆሮዋ ገባ። «ካርታ ነው አሉ የተያዘበት። አራት ማዕዘን ቤት ስሎ በየማዕዘኑ ቁጥር ጽፎበታል። መሐሉ ላይ ደግሞ አሥራ አራት ይላል። ጥር አሥራ አራት ማለት ነው እኮ፤ እንግዶቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ለት። ቡ አሥር የሚልም አለበት፤ ቡድን አሥር።» ብርሃንነሽ ይህን ብላ ዞር ስትል ከፈድሊያ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠመች። «ውሃው ዛሬ ቀጭን ነው» አለች ወዲያው፣ ፊቷን ወደ ቧንቧው መልሳ። ቀኑ ጥር አሥራ ሁለት ነበር።

ፈድሊያ ባልዲዋን ሳትሞላ ተመለሰች። ያንን አራት ማዕዘን ታውቀዋለች። ቲጃኒ በስድስት ዓመት ታናሿ ነው። ወላጆቻቸው ካለፉ ወዲህ ልብስ እየሰፋች ያስተማረችው እሷ ነች፤ ከግብርና ትምህርት ቤት ተመርቆ በመንግሥት የከብት እርባታ ጽሕፈት ቤት ቴክኒሺያን ሆኖ ከተቀጠረ ሁለት ዓመቱ ነው። እሷ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ እሱ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ በልብስ ቅድ ወረቀቷ ጀርባ ላይ አራት ማዕዘን ይስላል፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሁለት ሰያፍ መስመር ያቋርጠዋል፣ ቁጥር ይጽፋል፣ ይሰርዛል። አንድ ቀን ምን እንደሆነ ብትጠይቀው «የበሬ ምሳ» ብሎ ስቆ ነበር። ከዚያ በቁም ነገር አስረዳት። በቆሎ ከመቶው ዘጠኝ እጅ ገንቢ ምግብ አለው፤ ፋጉሎ፣ ማለትም ኑግ ተጨምቆ ዘይቱ ሲወጣ የሚቀረው ጥቁር ቂጣ የሚመስለው፣ ሠላሳ አለው። የሚደልብ በሬ የሚፈልገው አሥራ አራት ነው። ሁለቱ በምን ያህል ቢደባለቁ አሥራ አራት ይመጣል? እዚህ ላይ ሲደርስ ሐሳቧ ሄዶባት ነበር፤ የያዘችው ቀሚስ ለማግስቱ የተቀጠረ ነው። በሰያፍ ይቀነሳል ማለቱን ብቻ ታስታውሳለች። ቢሆንም በሣጥኑ ውስጥ ደብተሮቹ አሉ፤ መጽሐፎቹም አሉ። እነሱን ይዛ ብትሄድ ማን አላምንም ይላታል?

ግቢ ስትገባ ጭሱ ተቀበላት። አጎቷ ሙሐመድሳኒ፣ በጓሮ በኩል ባለችው አንዲት ክፍል የሚኖረው የአባቷ ወንድም፣ በዱካ ላይ ተቀምጦ የቲጃኒን ደብተሮች አንድ ባንድ እየቀደደ ከሰል ማንደጃው ላይ ይጨምራል። ሣጥኑ ባዶውን አጠገቡ ተከፍቷል። ከአንዱ መጽሐፍ ሽፋን ላይ የአንድ ኮርማ ሥዕል ተጠቅልሎ ሲጠቁር አየች። «አጎቴ፣ ምን እያደረጉ ነው?» አለችው። ቀና አላለም። «ተመልሰው ሲመጡ ሌላ እንዳያገኙ» አለ። «የከብት መኖ ነው እኮ። ማስረጃው እሱ ነበር።» አጎቷ አመዱን በእንጨት ቆፈር ቆፈር አደረገ። «ለእኛ የከብት መኖ ነው» አለ ቆይቶ። «ለእነሱ ምን እንደሚሆን አላህ ያውቃል።» ያ ሰው ቲጃኒን በልጅነቱ በትከሻው ተሸክሞ ከዒድ ሶላት ይመልስ የነበረ ሰው ነው። ቢያንስ እስከ መሥሪያ ቤቱ እንዲሸኛት ብትለምነው እግሩን እንዳመመው ነገራት። ከትናንት ወዲያ ገበያ ደርሶ በእግሩ ተመልሷል፤ ሁለቱም ያንን ያውቃሉ። ፈድሊያ ሻርፗን ለወጠች፣ የቅድ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ አደረገች፤ ሜትር ያደረገች ልብስ ሰፊ ደንበኛ ጋ የምትሄድ ነው የምትመስለውና የሚጠይቃት አይኖርም ብላ ነው።

የቲጃኒ አለቃ አቶ ወልደሰማያት ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ አዲስ መፈክር ተለጥፏል፤ ሙጫው ገና ስላልደረቀ ጥጉ ተንጠልጥሏል። ፈድሊያ የሰማችውን ስትነግረው እጁ ብዕሩን ይዞ ቀረ። በሚቀጥለው ክፍል የጽሕፈት መኪና ሲንጣጣ ቆይቶ ዝም አለ። አቶ ወልደሰማያት ዝምታውን ሰማና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሠራተኛው የግል ሥራ ሠርቶ ከሆነ መሥሪያ ቤቱ የሚያውቀው ነገር የለም» አለ። «በፋይላችንም የለም። ሌላ ጉዳይ ካለሽ በጽሑፍ አቅርቢ።» ከዚያ ተነሥቶ በሩን ከፈተላት፤ እንደሚያባርራት ክንዷን ይዞ እስከ ደረጃው አወጣት። እዚያ ሲደርሱ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ማለት ይቻላል፣ «ቡ ማለት ቡና ነው» አላት። «የቡና ገለባ። ከመቶ አሥር እንዳያልፍ። ካለፈ ከብቱ ይጠላዋል፣ ይከሳል። ይህንን ለወንድምሽ ያሳየሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አብረን እንሂድና ይንገሩልኝ፣ አቶ ወልደሰማያት።»

«ልጆች አሉኝ፣ ፈድሊያ።» ወደ ታች፣ ወደ ጫማው ተመለከተ። «ወደ ጅሬን ኮረብታ ውጪ። አባቦራ የሚባል ሰንጋ የሚያደልብ ሽማግሌ አለ። ያንን ወረቀት የሠራው ለእሱ ነው። እኔ ግን አልነገርኩሽም።»

እስከ ዳገቱ ሥር በጋሪ ሄደች። ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ተገድለው ተጥለው ያደሩበት ድልድይ ላይ ሲደርሱ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ገረፈ፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱ እንኳ ወደ ግራ አልዞረም። ከድልድዩ ማዶ ፍተሻ ነበር። ጠመንጃ የያዘ ልጅ ሜትሯን አይቶ «የት ነው?» አላት። «ልብስ ልለካ» አለች። ልጁ እጁን ሲያወዛውዝ ጋሪው አለፈ። ከዚያ በኋላ ዳገቱን በእግሯ ወጣችው። ፀሐይዋ ገና በጠዋቱ ትፋጃለች፤ የጥር አቧራ በቡናው ቅጠል ላይ ተጋግሯል። የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ካለበት ኮረብታ ዝቅ ብሎ ያለውን የአባቦራን ቤት አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት በአገጯ አመለከተቻት።

በሩን የከፈተችላት የአባቦራ ሚስት ዙህራ ነበረች፤ ሸምገል ያለች፣ ዓይነ ፈጣን ሴት። «አካም ቡልቴ» ተባብለው እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደሩ ካበቃ በኋላ ፈድሊያ ከብት ለሚያደልበው ሰው እንደመጣች ስትናገር የዙህራ ፊት ተዘጋ። «ተሳስተሽ ነው ልጄ። እኛ ከብት የለንም» አለቻት። ይህንን ብላ ሳትጨርስ ከቤቱ ጀርባ አንድ በሬ በረጅሙ አገሳ። ሁለቱም ሴቶች ያልሰሙ መስለው ቆሙ። ያን ጊዜ አባቦራ ራሱ፣ ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያላቀለመ ሽማግሌ፣ ከጓዳ ወጣና ሚስቱን በኦሮምኛ ግቢ እንድትላት ነገራት። ከመደቡ ላይ አስቀመጧት። ውሃ ሰጧት። ፈድሊያ ቲጃኒ መታሰሩን ተናግራ እንዲመሰክርለት ስትለምን ሽማግሌው የሙስበሓ መቁጠሪያውን መግፋቱን አቆመ።

የፈሩትን የነገረቻት ዙህራ ነች። ከቤቱ በላይ ያለው የቡና መሬታቸው በስድሳ ሰባቱ አዋጅ ተወስዷል፤ የቀራቸው ግቢያቸውና አራት በሬ ነው። በሬ ማርባት ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ በቆሎው ነው። ሰው በቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ እህል እያጣ ለከብት በቆሎ የሚያበላ ሰው ምን ይባላል? አቆርቋዥ ይባላል። ከታች ካለው መንደር አንድ ዘመዳቸው ቤት ባለፈው ወር ስድስት ኩንታል ማሽላ ተገኘና ሰውየው እስካሁን አልተመለሰም፤ የት እንዳለም አይታወቅም። «ወንድምሽን እንደ ልጄ ነው የማየው» አለች ዙህራ። «ገንዘብ ሳይቀበል ነው የሚመጣው። በየሳምንቱ ደረታቸውን በገመድ እየለካ ይጽፋል፣ ትምህርቴ ነው ይላል። ግን ባሌን ለእነሱ አልሰጥም። ይህንን ቤት አላየሽም፣ ስሙንም አልሰማሽም። በአላህ ማይልኝ።»

ፈድሊያ ሽማግሌውን አየችው። ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል። «ወላሂ፣ ስሙን አልጠራም» ብላ ማለች። ስትምል ከልቧ ነበር።

ልትሄድ ስትነሣ አባቦራ «ነይማ» አለና በጓሮ በር መርቷት ወጣ። ጋጣው በእንሰት ተከልሏል፤ አራቱ ሰንጋዎች ጎን ለጎን ታስረው፣ ጀርባቸው ሰሌዳ የመሰለ፣ ቆዳቸው የሚያብለጨልጭ፣ ያመሰኳሉ። ሽማግሌው አንድ የዘይት ቆርቆሮ ጣሳ አንሥቶ ከሦስቱ ጆንያዎች ፊት ቁጢጥ አለ። ከአንዱ የተከካ በቆሎ፣ ከሌላው ፋጉሎ፣ ከሦስተኛው የቡና ገለባ። «ወንድምሽ ሳይመጣ በፊት በቆሎ ብቻ ነበር የምሰጣቸው» አላት በዝግታ። «ሆዳቸው ይነፋል እንጂ ሥጋ አይይዙም፤ ጆንያው ግን ያልቃል። እሱ ነው ፋጉሎ ያስጨመረኝ። ከዘይት መጭመቂያው በርካሽ ይገኛል፤ ገለባውን ቡና ፈልፋዮቹ በነፃ ይጥሉታል። እይ እንግዲህ።» አሥራ አራት ጣሳ በቆሎ ገንዳው ውስጥ ገለበጠ። ሁለት ጣሳ ገለባ ጨመረ። «አሥራ ስድስት። ገለባው ከበቆሎው ጋር ነው የሚቆጠረው፤ ኃይሉ ይቀራረባል።» ከዚያ ፋጉሎ፣ አምስት ጣሳ፤ ከዚያ አንድ እፍኝ ጨው። በእጁ አገላብጦ አደባለቀውና እንድታሸተው ወደ አፍንጫዋ አቀረበላት። የተቆላ ነገር ሽታ አለው። ደግሞ ከመጀመሪያው እንድትቆጥርለት አደረጋት። ሁለት ጊዜ አስቆጠራት። ፋጉሎው ቢበዛ ከብቱ ላይ ምንም አይጨምርም፣ ገንዘቡ ይባክናል እንጂ፤ ካነሰ ደግሞ አይደልብም፤ ገለባው ሦስት ጣሳ ከሆነ ገንዳው ውስጥ ይተዉታል። ሁሉንም ነገራት፤ የቱ በሬ እንደሚዋጋ፣ የቱ ከግራ መታሰር እንደማይወድ ሳይቀር። እሷ ግን ከዚያ ሁሉ የያዘችው ሁለት ቁጥር ነው። አሥራ ስድስትና አምስት። ቁልቁለቱን ስትወርድ አራት ማዕዘኑን በዓይነ ሕሊናዋ ሳለችው። ከሠላሳ ላይ አሥራ አራት ሲቀነስ አሥራ ስድስት። ከአሥራ አራት ላይ ዘጠኝ ሲቀነስ አምስት። መንገዱ መሐል ቆመች። ወንድሟ በሰያፍ ይቀነሳል ያለው ይህ ነው።

ቲጃኒ የታሰረበት የከፍተኛ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከአንድ የቡና ነጋዴ የተወረሰ ቪላ ነው። ሳሎኑ አሁን ቢሮ ሆኗል፤ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ማኅተምና የሰው ዝርዝር ተደርድሯል፤ ከግድግዳው ላይ ሥዕሎች የወረዱበት ነጣ ነጣ ያለ ቦታ ይታያል። ሰባት ሰዓት ላይ ገብታ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተጠራች። የጥበቃው ኃላፊ ጓድ እሱባለው ከሁለት ዓመት በፊት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ የነበረ፣ ሠላሳ ያልሞላው፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነው። አልጮኸባትም። «ተቀመጪ እህቴ» አላት። ፈድሊያ የበለጠ የፈራችው ይህንን ነው። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ፊቷ ዘረጋው። የቲጃኒ አራት ማዕዘን ነበር፤ ከላይ በግራ «በ 9»፣ ከታች «ፋ 30»፣ መሐሉ ላይ የተከበበ አሥራ አራት፤ ከጎን «ቡ 10»። ከሁሉም በላይ ደግሞ ከብርሃንነሽ ያልሰማችው አንድ መስመር አለ፤ «አ.ቦ. ጅ. 4»።

አስረዳችው። ወረቀቱን ሳትነካ፣ ከበላዩ በአየር ላይ እያሳየች፤ በ በቆሎ፣ ፋ ፋጉሎ፣ ቡ የቡና ገለባ፤ አሥራ አራቱ ቀን ሳይሆን በሬው የሚፈልገው የገንቢ ምግብ መጠን። እሱባለው ሳያቋርጣት ሰማትና እርሳስ አነሣ። «መሐሉ አሥራ ሁለት ቢሆንስ?» አላት። ክፍሉ ውስጥ የቆሙት ሁለቱ ጠባቂዎች ወደ እሷ ዞሩ። ፈድሊያ ዓይኗን ጨፈነች። ከሠላሳ አሥራ ሁለት። ከአሥራ ሁለት ዘጠኝ። «አሥራ ስምንት ጣሳ በቆሎ፣ ሦስት ጣሳ ፋጉሎ» አለች። «ግን በሬው አይደልብም። ለመኖር ያህል ነው የሚበላው።» እሱባለው በእርሳሱ ቀንሶ ደመረና እንደ አስተማሪ ራሱን ነቀነቀ። ለአንድ አፍታ ነገሩ የተፈታ መሰላት።

«ሒሳብሽ ልክ ነው» አላት። «ሒሳብ ልክ ስለሆነ ግን ነገሩ እውነት ነው ማለት አይደለም። እነዚያ ፀረ አብዮት ልጆችም ሒሳብ ይችላሉ። አ.ቦ. ማነው? ጅ. ምንድን ነው? አራቱስ እነማን ናቸው?»

ፈድሊያ የሜትሯን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ወንድምሽን ሌሊቱን በሙሉ ጠይቀነዋል። ለራሴ ልምምድ የሠራሁት ነው ይላል። ሌላ አይልም። በሬ ካለ ባለቤት አለው፣ እህቴ። ባለቤት ከሌለው ደግሞ በሬ የለም፤ አራት ሰው ነው ያለው። እኔ እንደዚያ ብዬ እጽፋለሁ። ዛሬ የሚወሰዱት ሰዎች ዝርዝር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል።»

ያን ጊዜ ከውስጥ በኩል፣ ድሮ የነጋዴው መኝታ ቤት ከነበረው ክፍል፣ አንድ ሰው ሳለ። ሳሉ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ሦስተኛው ላይ የሚረዝም ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በብርድ ሌሊት ተነሥታ ጀርባውን የምታሽለት የቲጃኒ ሳል ነው። ከዚያ አንድ ነገር ወለሉ ላይ ሲጎተት ተሰማ። ፈድሊያ የዙህራን ፊት ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣላትም። መሐላዋን ለማስታወስ ሞከረች፤ ቃሉ መጣ እንጂ ክብደቱ አልመጣም። «አባቦራ» አለች። «ጅሬን። አራት በሬ አለው።» ጸሐፊው ጻፈ። እሱባለው ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቃት፤ ነገረችው። ጋጣው ከእንሰቱ ጀርባ ነው ብላ እንኳ ሳትጠየቅ ጨመረች። ወዲያው ላንድሮቨሩ ሲነሣ ሰማች።

ግቢው ውስጥ ካለው የዘይቱና ዛፍ ሥር እንድትጠብቅ አደረጓት። ሌሎች ሴቶችም አሉ፤ የምሳ ሣሕን በጨርቅ ቋጥረው የተቀመጡ፣ እርስ በእርስ የማይተያዩ። ፈድሊያ መጸለይ ጀመረች። በመጀመሪያ ሽማግሌው በሬዎቹን ወደ ጫካው ነድቶ፣ ጆንያዎቹንም ቀብሮ እንዲጠብቃቸው ለመነች፤ እሷ ከሄደች ወዲህ ሦስት ሰዓት ያህል ጊዜ ነበረው፣ አስተዋይ ሰው ነው። ከዚያ ጋጣው ባዶ ከተገኘ ቲጃኒ እንደሚሞት ትዝ አላትና ያንን ጸሎቷን ለመመለስ፣ በሬዎቹ ታስረው እንዲገኙ ለመነች። ያ ረቢ፣ ያ ረቢ ብቻ እያለች፣ የምትለምነው የቱን እንደሆነ ሳታውቅ ቆየች። ከሁለቱ የትኛውም ጸሎቷ ቢሰማ ሰው ይጠፋል።

አሥር ሰዓት ሲሆን ላንድሮቨሩ ተመለሰ፤ በላዩ ላይ ጆንያዎቹ ተጭነዋል። ከኋላው፣ በዋናው መንገድ መሐል፣ አባቦራ ያንኑ ቆርቆሮ ጣሳ በእጁ ይዞ ይመጣል። አራቱ በሬዎች ያለ ገመድ፣ ያለ ዱላ፣ ጣሳውን ተከትለው ይራመዳሉ። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ልጆች ከኋላ አሉ። ባለ ሱቆቹ ወደ በራቸው ወጥተው ያያሉ፣ የሚናገር የለም። ግቢው ውስጥ ሲገባ በፈድሊያ አጠገብ አለፈ። ፊቱን አልመለሰባትም፣ አላያትምም።

እሱባለው ወደ በረንዳው ወጣ። ጆንያዎቹን አስወርዶ፣ የልብስ ማጠቢያ ገንዳ አስመጥቶ ሽማግሌውን «እንደ ሁልጊዜው ያደባልቁ» አለው። ሌላ ምንም አልነገረውም። እሷ ምን ብላ እንደተናገረች ሽማግሌው አያውቅም። ፈድሊያ ምናልባት ሆን ብሎ ያሳስት ይሆናል ብላ አሰበች፤ በቆሎ አላውቅም ቢል፣ ይህን ልጅ አላውቀውም ቢል፣ ለራሱ የሚያዋጣው ያ ነበር። አባቦራ ቁጢጥ አለ። ጮክ ብሎ በኦሮምኛ መቁጠር ጀመረ። ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ። ድምፁ አይቸኩልም። እሱባለው በበረንዳው ላይ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አብሮ ይቆጥራል። ኩደ አፉር፣ አሥራ አራት፣ ሲደርስ ሽማግሌው በቆሎውን ትቶ ወደ ገለባው ጆንያ ዞረ፤ ሁለት ጨመረ። ኩደ ጀሃ። አሥራ ስድስት። ከዚያ ጣሳውን ፋጉሎው ውስጥ ነከረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠና እጁን አራገፈ። በሬዎቹ ገንዳውን ተሻምተው አንገታቸውን አወረዱ። ግቢው ውስጥ ከማኘካቸው ሌላ ድምፅ አልነበረም።

«ማን አሳየዎት?» አለ እሱባለው።

«የዚህች ልጅ ወንድም» አለ አባቦራ። «ቲጃኒ።»

የተቀረው በወረቀት አለቀ። በቆሎ በማከማቸት መጠየቅ እንደነበረበት፣ ነገር ግን ሽማግሌ ስለሆነና ነገሩን ስላልደበቀ እንደሚታለፍ ተነገረው። አራቱን ሰንጋዎች ለእናት አገር ጥሪ በሙሉ ፈቃዱ እንዳበረከተ ጸሐፊው አነበበለት፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክረው አስፈረሙት። በሬዎቹን አንድ ጠባቂ ወደ ጓሮ ሊነዳቸው ሞከረ፤ እንቢ አሉት። አባቦራ ጣሳውን አንሥቶ ራሱ መርቶ አስገባቸው፤ ጣሳውንም እዚያው ትቶ ወጣ።

ቲጃኒ ሲወጣ ጫማውን በእጁ ይዞ ነበር። እግሩ አብጦ አይገባለትም። ግድግዳውን ተደግፎ ቆመና የጥር ፀሐይ ዓይኑን ስለወጋው በክንዱ ከለለ። ከዚያ አባቦራን አየ፣ ጓሮው በኩል የበሬዎቹን ጀርባ አየ። ፈድሊያ ብብቱ ሥር ገብታ ልትደግፈው ስትል «ማን ነገራቸው?» አላት።

«እኔ» አለች።

ወንድሟ ክብደቱን ከትከሻዋ ላይ አነሣ። በሩ ጋ ከመንገዱ ማዶ አጎታቸው ሙሐመድሳኒ ጋሪ ተከራይቶ ቆሟል፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም፤ ፀጉሩን አቧራ ሸፍኖታል። ሊሻገር አልደፈረም። ቲጃኒ በባዶ እግሩ እያነከሰ መንገዱን ተሻገረና አጎቱ ደግፎ አወጣው። ሁለቱም ወደ ፊት እያዩ ተቀመጡ። ፈድሊያ እንድትሳፈር ቦታ ቢተዉላትም «ሂዱ» አለቻቸው። ያንን ሽማግሌ ብቻውን ያንን ዳገት ልታስወጣው አልቻለችም። ዙህራ ፊት ቀርባ መሐላዬን አፍርሻለሁ ማለት ያለባት እሷ ነች።

ከአባቦራ ጋር በእግር ተጓዙ። ድልድዩን አለፉ፤ ያ ጠዋት ያሳለፋት ልጅ አሁንም ቆሟል፤ ሽማግሌውን አይቶ ሰዓት እላፊ እንዳይደርስባቸው ተናገራቸው። ዳገቱ ላይ አባቦራ ቆም እያለ ይተነፍስ ነበር። ቀኝ እጁን ከሰውነቱ አርቆ ይዞታል፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለው ቀለም ልብሱን እንዳይነካው ነው። ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ዝቅ ስትል ፈድሊያ ከዚያ በላይ መሸከም አቃታት።

«አባቦራ፣ ከእርስዎ ቤት የወጣሁት አምስት ሰዓት ነበር» አለች። «መኪናው የመጣው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ጫካው ቅርብ ነው።»

«ዙህራም ንዳቸው፣ ንዳቸው ስትል ነው የዋለችው።»

«ታዲያ?»

ሽማግሌው ከመንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ጋጣው ባዶ ቢሆን አንቺ ውሸታም ትሆኛለሽ» አላት። «ልጁም ያልቅለታል።»

«ምዬ ነበር እኮ። እንደማልናገር ነው የማልኩት።»

«ማልሽ። ሰማሁ።» ቀለሙን በአንድ ቅጠል ጠረገው፣ አልለቀቀም። «ወንድምሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። እኔም ወንድም ነበረኝ። ለዚህ ነው ሁለት ጊዜ ያስቆጠርኩሽ።» ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሣና ቀደማት። ፈድሊያ ተከተለችው። ቲጃኒ ወጥቷል፤ ነገ ግን ሊመልሱት ይችላሉ። ሽማግሌውም ነገ ሊጠራ ይችላል። አሁን ስሙ በጸሐፊው መዝገብ ላይ አለ፤ ያጻፈችው እሷ ነች።

ቤቱ ጋ ሲደርሱ ሊጨልም ነበር። ዙህራ የእግር ድምፅ ሰምታ የግቢውን በር ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጋ፣ ለከብት እንደሚከፈተው ከፍታ ቆማለች። ባሏን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ፈድሊያን አየቻት። ከዚያ አንገቷን አውጥታ ከኋላቸው ያለውን መንገድ እስከ መታጠፊያው ድረስ ተመለከተች፤ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ዙህራ አንደኛውን መዝጊያ ገፍታ ዘጋችው፤ መወርወሪያውንም አደረገችበት። ሌላውን በእጇ እንደያዘች «ገሊ» አለቻት፣ ወደ ፈድሊያ ሳታይ። «ግቢ። ሰዓት እላፊ ደርሷል፤ የትም አትሄጂም።»